ለጅዳ ውል፣ ለኮተቤ ቃል

የእንጦጦ ታሪክ ሲነገር የምኒልክ አዳራሽ፣ የማርያም ደብርና በ1882 የተደፋው ዘውድ ይነሣል። ለግብሩ እህሉን የፈጨው፣ ውኃውን የቀዳው፣ እንጨቱን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጎብኚ ግን አላጋጠመኝም። ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ከተማው ወደ ፍልውኃ ከወረደ በኋላም በ1887 የወላይታ ዘመቻ የተማረኩት ተጨመሩባቸው።

ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916፣ በመስቀል ዕለት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 የባሮችን ነፃነት አዋጅ አወጡ። አዋጁ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጀምበር ነፃ የሚያወጣ አልነበረም። ባርነትን ከሕግ ጨርሶ የፋቀው፣ ጣልያን በወጣ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1934 በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው አዋጅ ቁጥር 22 ነው። አገሪቱ ከጦርነት ፍርስራሽ እየተነሣች ሳለ ይህን ማድረጓ ቀላል ነገር አይደለም። የፈረንጅ ጫና ነበረበት የሚል ካለ፣ ይሁን፤ ነፃ ለወጣው ሰው ምን ልዩነት ያመጣል?

የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ነፃነቱ መሬት አልነበረውም። አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲያበቃ ነፃ ለወጡት 40 ኤከር ሊሰጡ ቃል ገብተው፣ ያው ዓመት ሳያልቅ ነጠቋቸው። የእኛዎቹ ቃሉም አልተገባላቸው። በሬም ርስትም የሌለው ሰው የት ይሄዳል? ብዙው እዚያው በጌታው ደጅ ቀረ፤ ስሙ አሽከር፣ ገረድ ሆነ። ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠር ደግሞ ያ ሁሉ አዋጅ እንዳልታወጀ ይሆናል።

ዛሬም ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ወደ የካ የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ከጋሞና ከሌላውም የደቡብ አገር የመጡ ጥቂት አይደሉም። ዘራቸው ከእነዚያ ባሮች ይመዘዛል ማለቴ አይደለም። ሸክሙ ግን አሁንም አገሩን ለቆ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ጀርባ ላይ ነው።

የሰሜኑን ጦርነት የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ካስቆመው ወዲህ መልሶ ስለ መገንባት ብዙ ይወራል። ለታጣቂው የተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞለታል፤ ደግ ነው። ቤቷ ፈርሶ፣ ትምህርቷ ተቋርጦ በደላላ እጅ ኮተቤ ሰው ቤት ለምትገባው ልጅስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ አልፏታል። የቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ይህችው ልጅ ጅዳ ልትሄድ ብትነሣ ግን አዋጅ ቁጥር 923/2008 የጸደቀ የሥራ ውል ይጠይቅላታል። በሰው አገር ለሚጠብቃት መከራ ወረቀት አዘጋጅተን፣ በራሳችን ማድ ቤት በቃል እናሳድራታለን።

«እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚሉ እመቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነው። ልጅ ግን ታማ ስትተኛ «አገርሽ ግቢ» አትባልም።

ወረዳዎቻችን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የቤት ኪራይ ውል መመዝገብ ለምደዋል። የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ዋጋ በጽሑፍ ሰፍሮ ማኅተም ያርፍበታል። ደንቡ ይውጣና ያው መስኮት የሠራተኛዋንም ውል ይቀበል፦ ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ማታ ትምህርት የምትሄድበትን ሰዓት፣ ብትታመም የሚያሳክማትን። የካ ክፍለ ከተማ ቢጀምረው ጎረቤቶቹ ለመከተል ብዙ ምክንያት አያጡም፤ መዝገቡም ጸሐፊውም አሁኑኑ አሉ።