ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉምልን?

ሕግ የሚያጠና ሁሉ ውሎ አድሮ የሚደርስበት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ተርጓሚ ማን ነው? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1803 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ነው ይላሉ። ጀርመኖች ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ፍርድ ቤት አላቸው። በጎረቤታችን ኬንያም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት ሲሽር አይተናል። የእኛ መልስ ከሁሉም ይለያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 የበላይ የሆነውን የፌዴራል ዳኝነት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 62 ግን የትርጉሙን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አስረክቧል። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚመራው 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባዔ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ቆራጩ ግን ምክር ቤቱ ነው።

ይህን የምጽፈው ከደገሀቡር ስለሆነ የምክር ቤቱን ጥቅም አልክድም። ሕገ መንግሥቱ የሕዝቦች ቃል ኪዳን ነውና በሕዝቦች መካከል ክርክር ሲነሣ ባለቤቶቹ ተቀምጠው ቢፈቱት ይገባል። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በሶማሌና በኦሮሚያ መካከል ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዷል። እንዲህ ያለውን የወሰን ነገር በአዲስ አበባ የተቀመጡ ጥቂት ዳኞች ብቻ ይጨርሱት ብል የሀገሬ ሰው አይሰማኝም።

የግለሰብ መብት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ የውርስና የጋብቻ ክርክር የሚያልቀው በቃዲ ወይም በጎሳ ሽማግሌዎች ፊት ነው። አንቀጽ 34 ይህን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሳትፈቅድ ብትዳኝ ወዴት ትሂድ? ተመሳሳይ ጉዳይ በአዲስ አበባ ተነሥቶ ነበር። አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን አልፈቀድኩም ብትልም በየደረጃው ተረታች፤ እስከ ሰበር ደረሰች። መብቷን ያገኘችው በ1996 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር። ሆኖም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ ብቻ የታዘዘ ምክር ቤት የደገሀቡር ሴት ደጅ የምትጠናበት ችሎት ሊሆን ይችላልን?

ከርቀቱ ይልቅ የሚያሰጋው ወገናዊነቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍን ለአንድ ወር ሲከለክሉ ቅንጅት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባዔው ላከ፤ ጉባዔውም ትርጉም አያስፈልገውም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የተወካዮች ምክር ቤትንና የክልሎችን ብቻ ሳይሆን የራሱንም የሥራ ዘመን አራዘመ። ወረርሽኙ እውነተኛ ነበር፤ አማራጩም ጠባብ ነበር። ነገር ግን ባለጉዳዩ ራሱ ዳኛ የሆነበትን ችሎት ማን ያምነዋል? እኛ በሶማሌ ክልል ድምፅ የሰጠነው ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የወሰንና የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር ይቆይ። የሰብአዊ መብት ክርክርና የመንግሥት አካላት የሥልጣን ገደብ ግን ለገለልተኛ ዳኞች ይሰጥ። ይህ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 105 የተዘረጋው መንገድም ረጅም ነው። እስከዚያው ግን ዳኞች እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። አንቀጽ 13 በሁሉም እርከን የሚገኙ የዳኝነት አካላት መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የወረዳ ዳኛ «ፈቅደሻል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የማንም ምክር ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም።

ሕግ ለምታጠኑ ወጣቶች የምለው፦ አንቀጾቹን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱ። ነገ በጅግጅጋ፣ በቀብሪደሀርም ሆነ በደገሀቡር ወንበር ላይ ስትቀመጡ ያቺ ሴት ከፊታችሁ ትቆማለች። ለእሷ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እናንተ ናችሁ።