ጨዋታ የወንድ ነው ያለው ማን ነው?

በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ጌም ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየው አንድ ነው፦ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ወንዶች ልጆች፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጆይስቲክ፣ ተሸናፊ የሚከፍልበት የፊፋ ግጥሚያ። ሴት ልጅ የለችም። «ሴቶች ጌም አይወዱም» ይባላል። አንዷ ስልኳ ላይ ተጫውታ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ስትለቅ ደግሞ ስድቡ ይከተላል፦ «ሽሮሽን ሥሪ»፣ «ጓዳሽ ግቢ»፣ «ወንድምሽ ነው የተጫወተልሽ»። አይወዱም የሚለውም፣ ስትወድ የሚሰድባትም ያው ሰው ነው።

ይህን «ቀልድ ነው» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። እኔ አላልፈውም። ተሳዳቢውን የሚያስቆጣው ጌሙ አይደለም፤ ሴት ልጅ እጇ ሥራ ሳይዝ፣ ለራሷ ደስታ ብላ ተቀምጣ ማየቱ ነው። መንዝ ያደገ ሰው ይህን ከቤቱ ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ውሃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፤ አረፍ ስትል የበግ ፀጉር ይቀርብላትና እንዝርት ታሾራለች። ወንድሟም ከብት ይጠብቃል፤ በዚያ ብርድ ሥራው ቀላል ነው አልልም። ግን መስክ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ገበጣ ቆፍሮ ቢጫወት፣ ጥንግ ሲያሳድድ ቢውል፣ ሥራ ፈት የሚለው የለም። ለእሷ ያው ጨዋታ ነውር ነው።

«ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ባህሉን እንየው። በገና ጨዋታ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ቂም አይያዝበትም፤ በዚህ እንኮራለን፣ ልንኮራም ይገባል። ማዕረግን ለአንድ ቀን ያስረሳው ያ ሜዳ ግን ሴቷን ዳር አቁሞ ከእልልታ በቀር ምንም አልጠየቃትም። በሌላ በኩል እቴጌ ጣይቱ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ታዲያ ከባህሉ መርጠን የያዝነው ለምን የሚከለክለውን ብቻ ሆነ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ «እጃቸው አይፈጥንም» የሚለው ነው። ቅልሞሽ የምትጫወት ልጅ አይታችሁ አታውቁም? አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ትወረውራለች፤ ያቺ ሳትወርድ መሬት ላይ ያሉትን ታፍሳለች፤ ወዲያው መዳፏን ገልብጣ የምትወርደውን ትቀልባለች። ዙሩ በገፋ ቁጥር የምታፍሰው ይበዛል። ዓይኗንና እጇን እንዲህ ያስማማች ልጅ ጆይስቲክ ያቅታታል ብሎ የሚያምን፣ አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ኮሪያ ጌጉሪ በሚል ስም የምትጫወት የ17 ዓመት ልጅ ኦቨርዎች በተባለው ጌም ዒላማ አልስት ስላለች «በማጭበርበሪያ ፕሮግራም ነው» ተባለች። ካሜራ እጇ ላይ ተደግኖ በሰው ፊት ተጫወተችና ንጹሕ መሆኗ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2018 በኦቨርዎች ሊግ የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ወንድ ጎበዝ ከሆነ ጎበዝ ነው ይባላል፤ እሷ ግን ማስረጃ ተጠየቀች። ጌም ቤቶቻችን የሚያዘወትሩት ፊፋም የሴቶችን ብሔራዊ ቡድኖች ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፊፋ 16 ነው፤ ያኔም ፌዙ ይኸው የወጥ ቤት ፌዝ ነበር።

በአገራችን የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጾታን በስም ይጠቅሳል። «ሽሮሽን ሥሪ» ያለን ልጅ ሁሉ ፍርድ ቤት እናቁም አልልም። ሕጉ የማይደርስበትን እኛ እንድረስበት ነው የምለው።

«ጌም ሱስ ነው፤ ሴቶቹ ቢቀርባቸው ይሻላል» የሚለውን ክርክር ደግሞ ከቅንነት የመጣ ነው ብዬ አልቀበለውም። ሱስ ከሆነ መጀመሪያ የሚመከረው ማታ ማታ ጌም ቤት የሚያመሸው ልጅ ነው። እሱን ዝም ብሎ እሷን መገሠጽ ለጤናዋ ማሰብ አይደለም።

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ጌም ቤት የከፈታችሁ ሁሉ፦ ሴት ልጅ ስትገባ የሚሳደበውን ልጅ አስወጡት፤ ከፋይ ደንበኛ ቢሆንም። ጓደኛችሁ ስድብ ሲጽፍ አብራችሁ የምትስቁም ሳቁን ተዉት። ወላጆችም ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ለወንዱ እንደምትሰጡት ለእኅቱም ስጧት፤ እሷ ስትጫወት ውሃውን እሱ ይቅዳ።