ሬዚደንት ኢቭል ክፍል 6 አይረባም?

ዛሬ የምጽፈው ልጆች ስለሚከራከሩበት የዞምቢ ፊልም ነው። የሬዚደንት ኢቭል ክፍል 1 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን ክፍል 6 ደግሞ ከ14 ዓመት በኋላ በ2016 ወጣ።

ብዙ ጓደኞቼ «ክፍል 6 አይረባም» ይላሉ። ግማሹ እውነታቸውን ነው። ክፍል 5 ሲያልቅ ዋይት ሀውስ ላይ ትልቅ ጦርነት ሊጀመር ነበር። ክፍል 6 ሲጀምር ግን ጦርነቱ አልቋል! ይሄ ተመልካችን ማታለል ነው። ድብድቡም በጣም ስለሚቆራረጥ ማን ማንን እንደመታ አይለይም።

እኔ ግን ወድጄዋለሁ። አሊስ መድኃኒቱን ከለቀቀችው ዞምቢዎቹ ይሞታሉ፤ ቫይረሱ እሷም ውስጥ ስላለ ራሷም እንደምትሞት ታስባለች። ቢሆንም ለሰው ብላ ለቀቀችው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ግን እዚህ ቦታ ላይ ተኩስ ስለሌለ ልጆች ማውራት ይጀምራሉ። ከዚያ «ምንም የለውም» ይላሉ። እኛ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ያለን ልጆች በ2013 ዓ.ም. እውነተኛ ተኩስ ሰምተናል። ስለዚህ ተኩስ ብቻውን አያስደንቀኝም። ለእኔ ጀግና ማለት ብዙ የገደለ ሳይሆን ሌላውን ያዳነ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን።