ላም አለኝ በሰማይ፦ ለአሮጌው ፒኤስ 2 ጥብቅና

በፍኖተ ሰላምም ይሁን በቡሬ ወይም በሊበን፣ ጌም የሚወድ ልጅ ባለበት ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ፦ "የቱ ኮንሶል ይበልጣል?" ክርክሩ በግራፊክስ ይጀመራል፣ በግራፊክስ ይዘጋል። አዲሱ ያሸንፋል፣ በአሮጌው ይሳቃል። እኛ ግን ዛሬ ለአሮጌው ጥብቅና ልንቆም ነው። ምስክር አድርገን የምንጠራውም ድራጎን ቦልን ነው።

የጎኩና የቬጂታ ወዳጆች ቡዶካይ ቴንካይቺ 3ን ያውቁታል። ስፓይክ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ለፕሌይስቴሽን 2 እና ለኒንቴንዶ ዊ ወጣ። ጌሙ አንድ ነው፣ መልኩ ግን ሁለት። በሁለቱም ላይ የሚለዋወጡት መልኮቻቸው ሲቆጠሩ 161 ተዋጊዎች አሉ። ዊ ላይ እጅን እያወዛወዙ ካሜሃሜሃ መልቀቅ ይቻላል፤ በዚያ ላይ በኢንተርኔት ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር መጋጠም ይቻል ነበር። ፒኤስ 2 ላይ ይህ የለም። እሱ ያለው "ዲስክ ፊውዥን" ነው፤ የቀደሙትን የቴንካይቺ ዲስኮች ስትከቱለት ተጨማሪ የጨዋታ ክፍሎችን ይከፍትላችኋል።

እንግዲህ ፍረዱ ብትባሉ ብዙዎቻችሁ ለዊ ትፈርዱ ይሆናል። ግን ታሪኩ አላለቀም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2014 የዊን የኦንላይን አገልግሎት ዘጋው። ዊ ይኮራበት የነበረው ነገር በአንድ ቀን ጠፋ። የፒኤስ 2ቱ ዲስክ ፊውዥን ግን ዲስኮቹ እስካልተጫሩ ድረስ ዛሬም ይሠራል፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህ ነገር ለእኛ ከጨዋታ ያለፈ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ኔትወርክ በሌለበት ከተማ ኦንላይን ጌም ማለት "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው። ደግሞስ ኢንተርኔቱ ቢኖር? ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ስንከፍት ከሚያስመርጠን የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የሌላ አገር ሰው ነን ብለን ካልዋሸን በሩ አይከፈትልንም። ለብቻው የሚሸጠው የፒኤስ 5 ዲስክ ማንበቢያ እንኳ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። ዲስክ ለማንበብ!

ወደ አዲሱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 የቴንካይቺ ወራሽ የሆነው ስፓርኪንግ! ዜሮ ለፒኤስ 5፣ ለኤክስቦክስ ሲሪስ እና ለኮምፒውተር ወጣ። ተዋጊዎቹ 182 ደረሱ፤ ምስሉም ራሱን አኒሜውን የምታዩ ያስመስላል። ታዲያ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ሊጋጠሙ ሲሉ፣ ጌሙ በወጣበት ጊዜ የተፈቀደላቸው ሜዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ነጭና ባዶ የሆነው የመንፈስና የጊዜ ክፍል። ነገሩ ምክንያት አለው። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ማሽኑ ያንኑ ዓለም በአንድ ጊዜ ሁለቴ ይስላል፤ ተራራና ሕንፃ በሌለበት ክፍል ሥራው ይቀልለታል። ግን እስቲ አስቡት፦ ፒኤስ 2 በ32 ሜጋባይት ሚሞሪ ለሁለት ሰው ሜዳ ያስመርጥ ነበር። ፒኤስ 5 ያለው 16 ጊጋባይት ነው፤ አምስት መቶ እጥፍ! ጉዳዩ የማሽን አቅም ብቻ ሳይሆን ማን ታስቦ እንደተሠራ ነው። አዲሱ የታሰበው እያንዳንዱ በየቤቱ ማሽንና ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። የእኛ ጨዋታ ደግሞ አንድ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ የቆመ ተረኛ፣ ሕጉም "የተሸነፈ ይነሣል" ነው።

"ታዲያ ጥሩው አሮጌ ጌም ታድሶ ሲመጣ መግዛት ነዋ" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለፒኤስ 3 እና ለኤክስቦክስ 360 የወጣውን የቡዶካይ ኤችዲ ስብስብ ተመልከቱ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ቡዶካይ ገቡ፤ ሁለተኛው ቀረ። ምስሉ ጠራ፤ ልጆች ሆነው የተጫወቱት የለመዱት ሙዚቃ ግን በሌላ ተተካ። ታደሰ የተባለ ሁሉ ሙሉ ሆኖ አይመጣም።

አሮጌው እንከን የለውም አላልንም። ፒኤስ 2 መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ቆሟል። ሌንሱ ይደክማል፣ መለዋወጫው በየጊዜው ይጠፋል። በየከተማችን የሚዞረው ዲስክም አብዛኛው ኮፒ ነው፤ ለሠሪዎቹ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ኩባንያዎች "ኢንተርኔት የምንጠይቀው ለዚህ ነው" ሲሉ ፈጽሞ ተሳስተዋል አንልም። ግን በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ለሚለው ልጅ በር ሳይከፍቱ ቁልፍ መደራረብ መፍትሔ አይሆንም።

ስለዚህ ለጌም ቤት ባለቤቶችና ገንዘብ ሰብስባችሁ ኮንሶል ልትገዙ ላሰባችሁ የምንለው ይህ ነው። "ግራፊክሱ እንዴት ነው?" ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? ሁለት ሰው አንድ ቴሌቪዥን ላይ እንደልቡ ይጋጠማል? ጌሙ ዲስኩ ላይ ተጠናቆ አለ ወይስ ግማሹ ገና ከሰማይ ይወርዳል? መልሱ "የለም፣ የለም" ከሆነ ውድ ቴሌቪዥን ማስጌጫ ነው የምትገዙት።

በተለይ ጌም ቤት ያላችሁ፣ አዲሱን ስታስገቡ አሮጌውን ፒኤስ 2 ለቁራሌው አትስጡት። አቧራውን አራግፋችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡት፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ተረኛው ወደ እሱ ይዞራል።