ፎቶውን ያነሣነው እኛ ስንሆንስ?



ሰሞኑን በአንድ የተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ የአንዲት ሙርሲ እናት ፎቶ ሲዘዋወር አየን። የሸክላ ጌጧን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከሥሩ የተደረደረው ሳቅ ብቻ ነው፤ ስሟን የጠየቀ የለም። በግሩፑ ከደቡብ ኦሞ የመጡ ጓደኞቻችንም አሉ፤ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

ይህ ሳቅ በእኛም ላይ ተስቋል። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ለወታደሮቹ የቀልድ ፖስት ካርዶች ታትመው ነበር። በአንዱ ላይ ወታደሩ ኢትዮጵያዊቷን ሴት ጠቅልሎ ፖስታ ቤት ይወስዳታል፤ ለጓደኛው ማስታወሻ አድርጎ ሊልካት ነው። ሰው አስቀድሞ በሥዕል ዕቃ ከሆነ፣ እሱን መርገጥ ይቀላል።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከዴኒ ዤራር ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የአገራችንን ፎቶዎች ሰብስበዋል። ከቀደምቶቹ አንሺዎች መካከል ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ባለሙያዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ፎቶ ስናይ ማን እንዳነሣው፣ ለምን እንዳነሣውም መጠየቅ አለብን። ፓንክረስት ደግሞ በመጻፍ ብቻ አልቆሙም። የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ ታግለዋል። ጣሊያን በ1937 የወሰደችው የአክሱም ሐውልት በ2005 እንዲመለስ ከደከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው።

«ሙርሲዎች እኮ ለፎቶ ይከፈላቸዋል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ይከፈላቸዋል። የተከፈለው ግን ለመነሣት እንጂ ለመሰደብ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ ሲከለክል ሴቶችን ለይቶ መጥቀሱን እናስታውስ። በስልክ ሲሆን የሚቀር ክልከላ አይደለም።

ሐዋሳ የብዙ ብሔረሰቦች ልጆች በአንድ ዶርም የሚያድሩባት ከተማ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገር እንያዝ። ሳናስፈቅድ ፎቶ አናንሣ፤ ያነሣነውን ሰው ስም እንጠይቅ፤ የሚያላግጥ ፎቶ ሲመጣ በዝምታ አንለፈው። ያን ቀን ዝም ካሉት መካከል እኛም ነበርን። ለጓደኞቻችን ይቅርታ አለብን፤ ኢንሻአላህ ሁለተኛ አይደገምም።