ያንን ጎል ማን አገባው?

ሆኪ የሚሉት የበረዶ ላይ ጨዋታ ሲነሣ «እሱ የፈረንጅ ድብድብ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ክትፎው የሚመልስ ወገናችን ብዙ ነው። እኔም ካናዳ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ፓክ የምትባለዋን ጥቁር የጎማ ክብ ዓይኔ መከተል ስለሚያቅተው ጎል መግባቱን የማውቀው ሰው ሲጮህ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ለዚህ ጨዋታ ጥብቅና ልቆም ነው። ለጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስሙን ለዘለልነው አንድ ሰው ጭምር።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2010፣ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ የመጨረሻ ቀን፣ ካናዳና አሜሪካ ለወርቅ ተጋጠሙ። ካናዳ 2 ለ 1 እየመራች ሊያልቅ 24 ሰኮንድ ያህል ሲቀረው፣ አሜሪካኖቹ በረኛቸውን አስወጥተው በምትኩ ተጨማሪ አጥቂ አስገቡና ዛክ ፓሪዜ አቻ አደረጋቸው። ትርፍ ሰዓት ሆነ። ቀድሞ ያገባ ወርቁን ይወስዳል። በ7 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ ላይ ሲድኒ ክሮስቢ አገባ፤ አገሩ ቀለጠ። እኔ ቶሮንቶ በተቀመጥሁበት ምግብ ቤት ቡና የምታፈላው እህታችን እንኳ ስኒዎቿን ትታ ብድግ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ጎል የክሮስቢ ጎል ይባላል።

እኔ ግን ጎሉን የሠራው ጃሮም ኢጊንላ ነው እላለሁ።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። በዚያን ጊዜው ደንብ መሠረት በትርፍ ሰዓቱ ከበረኞቹ ሌላ የሚጫወቱት እንደ ወትሮው አምስት በአምስት ሳይሆን አራት በአራት ነበር። ከየወገኑ አንድ ሰው ሲጎድል በረዶው ላይ ክፍት ቦታ ይበዛል። አንድ ተከላካይ አንድ እርምጃ ከተሳሳተ ከኋላው ደርሶ የሚሸፍንለት የለም። የቫንኩቨሩ ሜዳ ደግሞ ሰፊው የዓለም አቀፍ ሜዳ ሳይሆን ጠበብ ያለው የሰሜን አሜሪካ ልክ ስለነበረ፣ ከአጥሩ ጥግ እስከ ጎሉ አፍ ያለው ርቀት አጭር ነው። የጎሉ ምሥጢር ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ክሮስቢ መጀመሪያ ብቻውን ሞከረ። ተከላካዮቹን ሰንጥቆ ሊያልፍ ሲል አልሆነለትም፤ ፓኳ ወደ አጥሩ አመለጠች። ተከትሎ ደረሰባትና ጥግ ላይ ላለው ለኢጊንላ ሰደደለት። ሰድዶ ግን አልቆመም፤ ወዲያው ወደ ጎሉ ታጠፈ። አብሮት የነበረው ተከላካይ ብራያን ራፋልስኪ ለአንድ አፍታ ወደ ኋላ ቀረ። እግር ኳስ ላይ ሰጥቶ መቀበል የምንለው እኮ ይኸው ነው፤ ሰጪው ከሮጠ፣ ተቀባዩ ከመለሰለት።

የመለሰለት ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ተመልከቱ። ኢጊንላ አጥሩ ሥር ተይዟል፤ ራያን ሱተር የተባለው ተከላካይ ተጭኖት ሊጥለው ነው። ቀና ብሎ ሜዳውን ለማየት ጊዜ የለውም። የሰማው ክሮስቢ «ኢጊ!» ብሎ ሲጮህ ነው። ኢጊንላ በኋላ እንደተናገረው ሁሉን የነገረው በጩኸቱ ውስጥ ያለው ጥድፊያ ነበር። ሆኪ ውስጥ ፓክ ስጠኝ የማይል የለም፤ ይህ ግን የሌላ ጊዜ ጩኸት አልነበረም። ኢጊንላ እየወደቀ አቀበለው። ጥቂት ቢዘገይ ራፋልስኪ በደረሰ ነበር። ቢቸኩል ደግሞ ክሮስቢ ገና ነጻ አልወጣም።

የቀረው አጭር ነው። ክሮስቢ እንደተቀበለ መታ። በረኛው ራያን ሚለር የዚያ ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሰየመ ሰው ነው፤ ዱላውን ዘርግቶ ፓኳን ሊነጥቅ ሲል ተቀደመ፤ በእግሮቹ መካከል ገባች።

የዚያን ዕለት አብረውን የነበሩ አንድ የማከብራቸው ጋሼ «ይሄማ ግርግር ነው፤ በግርግር ገባች» ብለው ነበር። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና አይደለም። ግርግር የሚመስለን ዓይናችን ከፓኳ ሌላ ስለማያይ ነው። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአሥር ዓመቷ፣ የዚህኑ ጎል ፊልም አብረን ስናይ «አባዬ፣ ፓኳን አትከተል፤ ፓክ የሌላቸውን እያቸው» አለችኝ። አገር ቤት በገና ዕለት በዱላ ሩር ስንማታ ያደግን ሰዎች ይህን ከልጅ መማራችን ትንሽ ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ተማርሁ። እኛ «ድብድብ ነው» ብለን የምንዘጋው ነገር ልጆቻችን ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤታቸው የሚያወሩት ነው፤ ቤት ሲመጡ ስለሱ የሚያናግራቸው አባት ያጡት በእኛው ፈቃድ ነው።

ልጄ ቀጥላ የጠየቀችኝን ደግሞ አልረሳውም። «እዚህ ጨዋታ ውስጥ እኛን የሚመስል አለ?» አለችኝ። መልሱ እኮ እዚያው ፊልም ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ነበር! የኢጊንላ አባት ከናይጄሪያ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ልጁ ያደገው በኤድመንተን አካባቢ ነው። ስሙ በዮሩባ ቋንቋ ትልቅ ዛፍ ማለት ነው። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ወርቅ ሲያገኝ በክረምት ኦሎምፒክ ለወርቅ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። ማግባት የማይችል አቀባይም አልነበረም፤ በሰሜን አሜሪካ ሊግ 625 ጎል አግብቷል። ያቀበላቸው ግን ከዚያም ይበልጣሉ፤ 675 ናቸው። እኔ በ2010 ያንን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼ፣ ከምግብ ቤቱ ስወጣ የማውቀው ስም የክሮስቢን ብቻ ነበር።

በዚህ ጨዋታው አይወቀስም። የሆኪ መዝገብ ጎሉን ካገባው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ሁለት አቀባዮች ይጽፋል፤ ለአግቢው አንድ ነጥብ ከሆነ ለእነሱም አንድ አንድ ነጥብ ነው፣ ሳይቀነስ። የዚያን ዕለት መዝገብ ኢጊንላንና ስኮት ኒደርማየርን ከክሮስቢ ጎን አስፍሯል። እኛ ነን ያላነበብነው።

ፊልሙ ላይ ክሮስቢ ዱላና ጓንቱን ወርውሮ ሲጮህ ካሜራው እሱን ይከተላል። ልጄ ግን ከዚያ በፊት ታቆመዋለች፤ ፓኳ ከኢጊንላ ዱላ ለቅቃ፣ እሱ ገና እየወደቀ ባለበት ላይ።