ቀስ ብሎ የሚያነብ ሁሉ ሰነፍ ነውን?

ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር ከታደለው ወረቀት ላይ ሁለተኛውን አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አንዱን ጓደኛችንን አስነሡት። ጓደኛችን ተነሣ፤ ወረቀቱን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። የመጀመሪያውን መሥመር ሳይጨርስ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ሦስተኛው መሥመር ላይ ሲደርስ መምህሩ ራሳቸው፣ «እስቲ ተቀመጥ፤ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደገባህ እግዜር ይወቀው» አሉት። ያ ተማሪ ባለፈው መንፈቅ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ነው። ይህን የሚያውቁትም ሳቁ፤ የማያውቁትም ሳቁ።

እኛም በዚያ ክፍል ነበርን። አልሳቅንም፤ ነገር ግን ትንፍሽ አላልንም፤ ቀጥሎ የሚነሣው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ፈርተን ነበር። እኛ ማለት በዚህ ግቢ ውስጥ ፊደል እንደ ልብ የማይታዘዝልን ጥቂት ተማሪዎች ነን። ይህንንም ጽሑፍ አንዳችን ሲናገር አንድ ወዳጃችን ጽፎታል፤ ግድፈቱንም አንዲት እኅታችን አርማልናለች።

ችግሩ ዲስሌክሲያ ይባላል። በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሌለው በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ «ሰነፍ»፣ «ድንጋይ ራስ»፣ «ልቡ ትምህርት ላይ የለም» ሲባል ኖሯል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዐይን ሐኪም ነው፤ እርሱ ያሰበው ግን በአንጎል ሕመም ምክንያት ንባብ የጠፋባቸውን ዐዋቂዎች ነበር። በ1896 ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፐርሲ ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ዐይኑ ደኅና ነው፤ አእምሮው ብሩህ ነው፤ ትልልቅ ቁጥሮችን ፈጥኖ ያባዛል፤ የገዛ ስሙን ግን ፊደሉን አዛብቶ ይጽፈዋል። ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ብልሁ እርሱ ይሆን እንደነበር አስተማሪው መመስከሩን ሐኪሙ መዝግቧል። ይህን ስንሰማ ከእኛ መካከል ዕንባ የመጣው ነበር።

ዛሬ ሊቃውንቱ የሚሉት ችግሩ በአብዛኛው የዐይን ሳይሆን፣ የቃልን ድምፅ ከፋፍሎ ከፊደል ጋር የማገናኘት ችግር ነው። በዘር ይወርዳል፤ ከዕድገት ጋር ጥሎ አይሄድም። ልምምድ ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል» የሚሉን አልጠፉም። ከፊሉ እውነት ነው። እንግሊዝኛ የሚጻፈውና የሚነገረው እየተለያየ ያሰቃየናል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረውም በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ጀርመንኛ ያሉት፣ አጻጻፋቸውና ድምፃቸው የተቀራረበ ቋንቋዎችም ይህ ችግር አለባቸው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚታወቀው ከስሕተት ይልቅ በዝግታ መሆኑ ነው። በአማርኛም በእኛ ላይ የምናየው ይህንኑ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲረቡ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት፣ በእግር ርዝመት ወይም በትንሽ ቀለበት ነው። በዚህ ላይ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «አለ» ተናገረ ማለት ነው ወይስ ይገኛል ማለት? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው ነገር? ፈጣን አንባቢ ዐረፍተ ነገሩን አሻግሮ ስለሚያይ አይሰናከልም። እኛ ግን ቃል በቃል ስለምንጓዝ መጨረሻው ላይ ደርሰን እንደገና ወደ መነሻው እንመለሳለን።

የድሮዎቹ የኔታዎች ይህን በመጠኑም ቢሆን ሳያውቁት አልቀሩም። ልጁ ሀ ሁን በዜማ ሲያወርደው ቅርጹን ለይቶ ነው ወይስ በቃሉ ይዞ? ይህን ለማጣራት ተራው የተቀያየረውን አ ቡ ጊ ዳን ያስቆጥሩታል። ከእኛ አንዱ በቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁን ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ጨርሶ፣ አቡጊዳ ላይ የአለንጋ ራት ሆኗል።

ታዲያ እዚህ እንዴት ደረሳችሁ ትሉን ይሆናል። በጆሮ ነው የደረስነው። እኅት ታነባለች፤ እኛ እንሰማለን። ጓደኛ ለራሱ ሲያጠና አጠገቡ ተቀምጠን ጮክ እንዲል እንለምነዋለን። ዛሬ ስልካችን እንግሊዝኛውን ስለሚያነብልን እግዚአብሔር ይስጠው። ማታለልም አላጣንም፤ መነጽር የማያደርግ ሰው «መነጽሬን ረሳሁ» ብሎ ከማንበብ ሲያመልጥ አይተናል፤ እኛው ነን ያደረግነው። ቢሮ ሄደን ቅጽ ሙሉ ስንባል እጃችንን በመሐረብ የጠቀለልንበትም ቀን አለ።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። በአንድ ሰዓት 60 ጥያቄ ሲሰጠን 40ውን ሠርተን ደወል ይደወላል። የቀሩትን 20 አናውቃቸውም ማለት ነውን? አልደረስንባቸውም። ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠን ስንል «ለሌላው ተማሪ ፍትሕ አይሆንም» ተባልን። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ጊዜ የማይጠላ ተማሪ የለምና፣ ሳይቸግረው ቸገረኝ የሚል እንደሚኖርም እናምናለን። ነገር ግን የዐይኑ ብርሃን የደከመ ተማሪ ከፊት ወንበር ሲቀመጥ አድልዎ ተደረገ ያለ ሰው አልሰማንም። ዐይነ ስውራን ጓደኞቻችን ጥያቄ የሚያነብላቸው ሰው ሲመደብላቸውም መልሱ ተነገራቸው አይባልም። ፈተናው የሚለካው የኤኮኖሚክስ ዕውቀትን ከሆነ ዕውቀቱ ይለካ፤ የንባብ ፍጥነትን ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ይነገረን።

የምንለምነው ውጤት እንዲጨመርልን አይደለም። ለአንድ ሰዓቱ ፈተና ሃያ ደቂቃ ይጨመርልን። የሚባዛው ወረቀት ከትምህርቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ይድረሰን፤ ቀለሙ የማይታይ የኮፒ ኮፒም አይሁን። የፊደል ግድፈት የቋንቋ ትምህርት ባልሆነው ፈተና ነጥብ አያስቀንሰን። ከሁሉ በፊት ግን ሳይጠየቅ ፈቃዳችን፣ በሰው ፊት ቆመን እንድናነብ አንገደድ።

የመንፈቁ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብዳቤያችንን ለየትምህርት ክፍሉ አስገብተናል፤ ሁለቱ ተቀብለውናል፤ የቀሩት ዝም ብለዋል። በዚያ ሳምንት ጥያቄ ሊያነብልን የፈቀደ ጓደኛ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ፤ ድምፁ ጎላ ያለ ቢሆን ይመረጣል።